አኳሪየም ስትገቢ አትሩጪ

የኔ ቆንጆ፣

«አኳሪየሙን በአንድ ሰዓት አይቼ እወጣለሁ» ያልሽውን ሳስበው ነው ይህን የምጽፍልሽ። ብዙ ሰው እንዴት እንደሚያይ ታውቂያለሽ። ስልኩን ያወጣል፣ ሻርኩ ጋ ሮጦ ሰልፊ ይነሳል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። አንቺ እንደዚያ ባታደርጊ ደስ ይለኛል።

አንድ ገንዳ ምረጪና ቁሚ። ኮራል ያለበት ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ ድንጋይና አሸዋ ብቻ ነው የሚታይሽ፤ ትንሽ ስትቆዪ ግን አሸዋ ያልሽው ነገር ዓይን ያወጣል። ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ጎን ናቸው። ከእንቁላል ሲወጣ እንደማንኛውም ዓሣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ነበሩ፤ ሲያድግ ግን አንደኛው ዓይን ቀስ እያለ ወደ ሌላኛው ጎን ይሻገርና ዓሣው በጎኑ ተኝቶ መኖር ይጀምራል። ባሕሩ ወለል ላይ ተኝቶ ለሚኖር ዓሣ ወደ ታች የሚያይ ዓይን ምን ይሠራለታል?

ኮራሉም ድንጋይ አይደለም፤ እንስሳ ነው። ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሠሩት ሰፈር በዪው። ብዙዎቹ ኮራሎች ሰውነታቸው ውስጥ አልጌ የሚባል እንደ ተክል ያለ ጥቃቅን ነገር ያኖራሉ። አልጌው ከብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ኮራሉም ከዚያ ይካፈላል። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌው ይወጣል፣ ኮራሉም ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታል። ስለዚህ ዓሦቹን ብቻ አትዪ። ቀና በዪና ከገንዳው በላይ ያለውን ኃይለኛ መብራት ተመልከቺ፣ ውኃው ከየት ወዴት እንደሚፈስም እዪ። እነዚህን ካላየሽ እንስሳው ለምን እዚያ ቦታ እንደተቀመጠ አይገባሽም።

እዚያው ክላውንፊሽ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ካለ፣ አበባ ከሚመስለው አኔሞኒ ከሚባል እንስሳ ብዙ አይርቅም። አኔሞኒው ሌላውን ዓሣ ይናደፋል፣ እሱን ግን ቆዳው ላይ ያለው ዝልግልግ ነገር ይጠብቀዋል። የቤቱ አለቃ ሴቷ ናት። እሷ ስትሞት ትልቁ ወንድ ወደ ሴት ይለወጣል። «አባዬ ቀልድህን ተው» እንደምትይ አውቃለሁ፤ እዚያ ያሉትን ሠራተኞች ጠይቂያቸው።

ጄሊፊሾቹ ጋ ደግሞ ገንዳው ለምን ክብ እንደሆነ ልብ በይ። ጥግ ቢኖረው ተገፍተው እዚያ ተጣብቀው ይጎዳሉ፤ ውኃው በቀስታ እየዞረ ነው የሚያንሳፍፋቸው። አንጎል የላቸውም፣ ልብም አጥንትም የላቸውም። አብዛኛው አካላቸው ውኃ ነው። ያም ሆኖ ዳይኖሰሮች ከመምጣታቸው በፊት ጀምረው እስካሁን አሉ።

የኔ ምርጥ ስምንት እጅ ያለው ኦክቶፐስ ነው። ገንዳው ባዶ ይመስልሻል፤ ሰውም «ምንም የለም» ብሎ ያልፋል። አትለፊ። ቀለሙንም የቆዳውን ገጽታም አካባቢውን አስመስሎ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ይሆናል። ሦስት ልብ አለው፣ ደሙ ሰማያዊ ነው፣ ከነርቭ ሴሎቹም አብዛኞቹ ያሉት እጆቹ ውስጥ ነው። አጥንት ስለሌለው ጠንካራው የአፉ ክፍል ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ በር ነው። በ2016 ኢንኪ የተባለ ኦክቶፐስ ከኒውዚላንድ ብሔራዊ አኳሪየም ያመለጠው እንዲህ ነው፦ ማታ ከገንዳው ወጥቶ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ በፍሳሽ ቱቦ በኩል ወደ ባሕር። ጎበዝ!

ሻርኩን ሁሉም ስለሚያየው ብዙ አልልሽም። አፉን ገርበብ አድርጎ ሳያቋርጥ የሚዋኘውንና ገንዳው ወለል ላይ የሚተኛውን ብቻ አወዳድሪ። የመጀመሪያው ውኃ በስንጥቦቹ እንዲያልፍና ኦክስጅን እንዲያገኝ ወደፊት መሄድ አለበት። ነርስ ሻርክ ግን ተኝቶም ውኃውን ራሱ ይስባል።

መስታወቱን አታንኳኪ፣ ፍላሽም አጥፊ። ድምፅ ውኃ ውስጥ ከአየር ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፣ ዓሣ ደግሞ ንዝረቱን በጎኑ በኩል ባለው መስመር ጭምር ይሰማዋል። ትልልቆቹ መስኮቶች እንደውም መስታወት ሳይሆኑ አክሪሊክ የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ናቸው፤ በጃፓን ኦኪናዋ ያለው የትልቁ ገንዳ መስኮት 60 ሳንቲሜትር ውፍረት አለው።

ባለፈው በስልክ «ግን እኮ እስር ቤት ነው» ያልሽኝስ? እውነት አለሽ፣ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ክላውንፊሽ በባሕርም ቢሆን ኑሮው አንድ አኔሞኒ ዙሪያ ነው። ነጭ ሻርክ ግን ውቅያኖስ የሚያቋርጥ እንስሳ ነው። በካሊፎርኒያ ያለው የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም በ2004 አንዲት ትንሽ ነጭ ሻርክ አስገብቶ 198 ቀን ካቆያት በኋላ ወደ ባሕር መልሷታል፤ ከዚያ በፊት በየቦታው የተሞከሩት ምግብ እምቢ እያሉ ብዙም አልቆዩም። እኔን ብትጠይቂኝ ሩቅ ተጓዦቹን መያዝ አልደግፍም። ትንንሾቹ ግን ገንዳቸው በደንብ ከተሠራ አይከፋኝም። አንቺም ስታዪ ፍረጂ፦ መደበቂያ አለው? በዚያችው መስመር ብቻ ይመላለሳል ወይስ ይፈልጋል፣ ይቆፍራል፣ ይጫወታል?

ምግብ የሚሰጥበትን ሰዓት ስትገቢ ጠይቂ፤ ተኝተው የነበሩት ሁሉ ያኔ ነው የሚወጡት። ኦክቶፐሱን ካገኘሽው የት ተደብቆ እንደነበር ጻፊልኝ።

አባትሽ