እንግሊዝኛን በአማርኛ ፊደል ጽፎ ማስነበብ ይቅር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«የዛሬ ልጆች እንግሊዝኛ ሲናገሩ አይሰማም» የሚለው ወቀሳ በጎንደር አዲስ አይደለም። ቋንቋውን የምናስተምር ሰዎች ግን ልጆቹ ከመወቀሳቸው በፊት ሰሌዳው ይታይ እንላለን። ከእንግሊዝኛው ቃል ሥር አነባበቡን በአማርኛ ፊደል መጻፍ በየክፍሉም በየማጠናከሪያ ትምህርቱም ተለምዷል። ተማሪው ይገለብጠዋል፤ ቤቱ ሄዶ የሚያጠናውም ያንኑ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ይዞት የሚገባው ይህንን ንባብ ነው። (እኛም እዚህ በፊደል የምንጽፈው ጋዜጣ ላይ አፍ ማሳየት ስለማይቻል ነው።)

ብዙ ሰው ጥፋቱን በ«ቲ-ኤች» (th) ድምፅ ላይ ይጭናል። እኛ ግን ከሁሉ በላይ ንግግርን የሚያበላሸው ሳድስ ነው እንላለን። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ ይዞ ይነበባል፣ አንዳንዴ ያለ አናባቢ። ስለዚህ «ስትሪት» የሚለውን ተማሪው በ«ስ» እና በ«ት» መካከል «እ» አስገብቶ ቢያነበው ፊደሉ አያግደውም። አንድ ቀለም (ክፍለ ቃል) የነበረው ቃል ሁለት ቀለም ይሆናል፤ አድማጩም አያውቀውም። ማረሚያው ከኋላ መጀመር ነው፦ መጀመሪያ «ሪት»፣ ቀጥሎ «ትሪት»፣ በመጨረሻ «ስ»ን ሳብ አድርጎ ማስቀደም። ተማሪው ቃሉን ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ያጨብጭብ፤ እጁ ሁለቴ ከመታ አናባቢ ሾልኮ ገብቷል። «እስኩል» የሚሉትን ደግሞ «ማይስ-ኩል» እያሉ በአንድ ትንፋሽ ማለማመድ፣ ሲለምዱት «ማይ»ን ማስጣል።

መጥበቅና መላላትም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት «ፒ» ቢደረድርም ድምፁ አይጠብቅም፤ «ሀፒ» እንደ «አለ» (ተናገረ) ላልቶ እንጂ እንደ «አለ» (ይገኛል) ጠብቆ አይነበብም።

«ፕ» በውሰት ቃላት የመጣ ድምፅ ስለሆነ ተማሪው ወይ ወደ «ብ» ይሸሻል፣ «ፖሊስ»ን «ቦሊስ» እንደሚሉት፣ ወይ እንደ ጴጥሮስ «ጴ» ጉሮሮውን ዘግቶ ያፈነዳዋል። ከደብተር ወረቀት 2 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ቀዶ፣ ላይኛውን ጫፍ ይዞ ከከንፈር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቆ ማንጠልጠል ነው። ካርቶን አይሆንም፤ ይከብዳል። «ፔን» ሲባል ወረቀቱ መገፋት አለበት፤ «ቤን» ሲባል ይረጋል። «ጰ» ከሆነም አይገፋም። «ስፒክ» በሚለው ቃል ግን «ስ» ስለቀደመ ትንፋሹ ይጠፋል፤ ወረቀቱ ባይንቀሳቀስ ልክ ነው። ይህን ሳያውቁ ትክክል የተናገረውን ተማሪ የሚያርሙ መምህራን አሉ።

«ቭ» ላይ ስህተቱ ከንፈር ከከንፈር መግጠሙ ነው። «አበባ» ስንል «በ» እና «ባ» በአናባቢዎች መካከል ላላ ስለሚሉ ብዙ ተማሪ «ቭ»ን ያገኘ ይመስለዋል፤ አላገኘም። «ፍ» ብሎ ይጀምርና ትንፋሹን ሳያቋርጥ ድምፅ ይጨምርበት፤ «ስ» ወደ «ዝ» የሚለወጠው በዚሁ መንገድ ነው። ጉሮሮው ላይ ያረፈ ጣት ንዝረቱን ይለያል፤ የላይ ጥርስ የታች ከንፈርን መንካቱን ደግሞ መስታወት ያሳያል።

«ቲ-ኤች»ን ብናስከትለውም ለከተማችን አስጎብኚዎች ቀላል ጉዳይ አይደለም። የፋሲለደስን መዋኛ በእንግሊዝኛ «bath» ብለው ሲጠሩ መጨረሻውን በ«ስ» ከዘጉት እንግዳው አውቶቡስ ሊመስለው ይችላል። ተማሪው «ስስስ» እያለ ምላሱን በቀስታ ወደ ፊት ይግፋው፤ ጫፉ ከላይኛው ጥርስ ሥር 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቅ ሲል ስል የነበረው ፉጨት ይደነዝዛል፤ ድምፁ ያ ነው። «ምላስህን ንከስ» የሚለው የተለመደ ትእዛዝ አየሩን ያግድና «ት» ያወጣል። የሚነዝረው ጥንዱ ከ«ዝ» ተነስቶ በዚሁ መንገድ ይገኛል። በቃል መጀመሪያ ላይ «ይህ»፣ «ያ»፣ «እነሱ»፣ «እዚያ» የሚሉት ትንንሽ ቃላት የሚነዝረውን፣ ቁጥሮችና አብዛኞቹ ስሞችና ግሦች የማይነዝረውን ይወስዳሉ። ቁርአን በተጅዊድ (በንባብ ሥርዓቱ) ያነበቡ ልጆች ሁለቱንም «ሣ» እና «ዛል» ከሚባሉት የዐረብኛ ፊደላት ያውቋቸዋል፤ ክፍል ውስጥ ካሉ ወጥተው ያሳዩ።

ተማሪ በበዛበት ክፍል ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል ለሚል፣ በየቀኑ የክፍለ ጊዜው የመጀመሪያ 5 ደቂቃ ይበቃል። ማዳመጥ ይቅደም፦ መምህሩ አፉን በደብተር ሸፍኖ «ፔን» ወይም «ቤን» ይበል፣ ተማሪዎች አንድ ወይም ሁለት ጣት ያንሱ። ከ10 ቢያንስ 8ቱን ሳይለዩ ወደ መናገር መግባት ድካም ነው። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን ከንፈር ይመልከት።

ጎንደር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 የተመሠረተች ናትና አስጎብኚው «17ኛው ክፍለ ዘመን» ሳይል አይውልም። በእንግሊዝኛ የዚህ ቁጥር መጠሪያ መሃሉ ላይ «ቭ»፣ መጨረሻው ላይ «ን» እና «ቲ-ኤች» ተያይዘው ያሉበት ነው። «ን»ን እንደ አማርኛው ብሎ ምላስን ኋላ ለማውጣት የሚሞክር በመካከል «እ» ያስገባል። ምላሱ ገና «ን» ሲል ጥርሱ ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ አየሩን መልቀቅ ብቻ ነው የሚቀረው።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን
ከጎንደር