ስካነሩ «ንጹህ ነው» ሲል ማንን ጠይቆ ነው?

ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ የኮምፒውተር ጥገና ነው። ሱቄ ትንሽ ናት፤ ደንበኞቼ ግን ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ዛሬ የምጽፍላችሁ «ስካን ተደርጓል» የምትለዋ ነገር ስላስቸገረችኝ ነው።

ባለፈው ክረምት ከአንድ መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል አንድ ዴስክቶፕ መጣልኝ። ፔሮል የሚሠራበት ነው። ማንም ሳይነካው ዳታ ይልካል። የሒሳብ ሠራተኛዋ አብራ መጥታ «ወንድሜ፣ አንቲቫይረሱ እኮ አረንጓዴ ነው፤ ትናንትም ስካን አድርገነዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ደገምኩት። 40 ደቂቃ ፈጀ፣ ምንም አላገኘም።

ከዚያ የድራይቨሮቹን፣ ማለትም ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚያዝባቸውን ፕሮግራሞች፣ ፎልደር ዝርዝር ከዊንዶውስ ላይ ፕሪንት አደረግኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ፣ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ባለበት ፍላሽ አስነሳሁትና ያንኑ ፎልደር እንደገና ፕሪንት አደረግኩ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቼ በእስክሪብቶ እየሰረዝኩ ወረድኩ። ሁለተኛው ላይ አንድ ፋይል ተረፈ። ዊንዶውስ ውስጥ ሆነን ስናየው የለም፣ ከውጭ ስናየው አለ። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ይዛ ዝም አለች።

ምትሃት የለበትም። ስካነሩ ዲስኩን የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ በዊንዶውስ በኩል ነው። ሩትኪት የሚባለው ራሱን የሚደብቅ አደገኛ ሶፍትዌር መሐል ገብቶ መልሱን ያስተካክልለታል። ቤት ውስጥ የተደበቀን ሌባ «ማን አለ?» ብሎ ጠርቶ፣ «ማንም የለም» ሲል አምኖ እንደመሄድ ነው።

ዘዴው አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከፓኪስታኗ ላሆር የወጣው ብሬይን የሚባል ቫይረስ የፍሎፒውን የመጀመሪያ ሴክተር ይይዝና፣ ሰው ሊያየው ሲሞክር የድሮውን ንጹህ ቅጂ ያሳይ ነበር። በ2005 የሶኒ ቢኤምጂ ሙዚቃ ሲዲዎች ራሱን የሚደብቅ ሶፍትዌር በሰው ኮምፒውተር ላይ እንደሚጭኑ ያጋለጠው የዊንዶውስ ባለሙያው ማርክ ሩሲኖቪች ነው። የሱም መሣሪያ እኔ በእስክሪብቶ ያደረግኩትን ዓይነት ማነጻጸር ነበር የሚሠራው። በ2010 የታወቀው ስታክስኔት የሚባል አደገኛ ሶፍትዌር ደግሞ ሪልቴክ ከሚባለው የቺፕ ኩባንያ በተሰረቀ ዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ድራይቨር ይዞ ነበር የሚገባው። ማኅተሙ ትክክለኛ ከሆነ ማን ይጠረጥራል?

አንቲቫይረስ ይጣል አላልኩም። የፍላሹን ሾርትከት ቫይረስ በየቀኑ ይይዝልኛል፤ እሱ ባይኖር እንቅልፍም አላገኝ። አረንጓዴዋን ምልክት እንደ ክሊራንስ መቁጠራችን ነው የከፋው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለመሥሪያ ቤቶች በምታወጡት መመሪያ ውስጥ፣ «ንጹህ ነው» የሚል ሪፖርት በምን እንደተፈተሸ አብሮ ይጻፍ። ፔሮልና የዜጎች መረጃ ያለባቸው ማሽኖች በየተወሰነ ጊዜ፣ በሌላ ንጹህ ኮምፒውተር ላይ በተዘጋጀ ፍላሽ ተነስተው ከውጭ ይፈተሹ። ሩትኪት ከተገኘ «አጽድተነዋል» አይበቃም፤ ፎርማት ተደርጎ ከኦሪጅናሉ ይጫን። ስለ ክራክ ዊንዶውስ ከጀመርኩ ደብዳቤው አያልቅም። ባክአፑም ሁልጊዜ ተሰክቶ አይዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሠራተኛው በአድሚን አካውንት አይሥራ። ያቺ ሴት ኤክሴል ለመክፈት ብቻ አድሚን ሆና ነበር የምትገባው። ያ ድራይቨር ያለ አድሚን መብት እንዲህ በቀላሉ አይጫንም ነበር።

ከውጭ መፈተሽም ሁሉን አይዝም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታወቀው ሎጃክስ የሚባል ሩትኪት የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ፈርምዌር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን በሚያስነሳው ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ቢቀየርም አይለቅም። ግን እኛ ገና እዚያ አልደረስንም፤ ዲስኩን በቅጡ ብናይ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጌ መልሼዋለሁ። ሠራተኛዋ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «ቢሮ ያሉት 11ዱስ?» አለችኝ። እስካሁን አንዱንም ያመጣልኝ የለም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ