ሳህን ላይ የጻፈው ካፒቴን

ሚጡዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የትሪውን ነገር እናትሽ በስልክ ነገረችኝ። የአያትሽን ትሪ! በምስማር ጻፍሽበት! እናትሽ እየሰማች መሳቅ ስለማልችል «ቆይ እቆጣታለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እንግዲህ ቁጣዬ ይኸውልሽ።

ትናንት እዚህ አምስተርዳም ስልጠናው ቀደም ብሎ ስላለቀ ራይክስሙዚየም ገባሁ። ሰው ሁሉ የሚጎርፈው ወደ ትልልቆቹ ሥዕሎች ነው። እኔ ግን አንድ አሮጌ ሳህን ፊት ተገትሬ ቀረሁ። ቆርቆሮ ከሚመስል ለስላሳ ብረት የተሠራ ነው። ስፋቱ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከአያትሽ ትሪ ያንሳል። ጠፍጥፈውታል። ዳር ዳሩን ዝገት በልቶታል፣ ተሰነጣጥቋልም። ላዩ ላይ ጽሑፍ አለ። አንቺ ያደረግሽውን አንድ ሰውዬ ከ400 ዓመት በፊት አድርጎታል!

ዲርክ ሃርቶግ ይባላል፤ የመርከብ ካፒቴን ነበር። መርከቡ «ኤንድራኽት» ትባላለች፤ በእነሱ ቋንቋ «አንድነት» እንደማለት ነው። አዲስ አገር ልፈልግ ብሎ አይደለም የወጣው። የላከው የሆላንድ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ቅመም ነበር የሚፈልገው። እናትሽ ሻይ ላይ ጣል የምታደርጋት ቅርንፉድ ያኔ አውሮፓ ውስጥ ዋጋዋ አይቀመስም ነበር። የምትመጣውም ዛሬ ኢንዶኔዥያ ከምንለው አገር ነው።

ወደዚያ ለመድረስ ጥሩ መላ ነበራቸው። ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ተነስተው በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ይነጉዳሉ። እዚያ ያለው ነፋስ ብርቱ ነው፤ መርከቧን ከኋላ እየገፋ ያስኬዳታል። የኢንዶኔዥያ ደሴት ከሆነችው ጃቫ ትይዩ ሲደርሱ ወደ ሰሜን ይታጠፋሉ። ችግሩ መታጠፊያውን ማወቁ ላይ ነው። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደሄዱ በፀሐይ ይለካሉ። ወደ ምሥራቅ ምን ያህል እንደሄዱ በትክክል የሚነግራቸው መሣሪያ ግን አልነበረም። በግምት ነው። ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶሽ መውረጃሽን እንደማለፍ በይው።

ሃርቶግም መታጠፊያውን አለፈው። እንደ ፈረንጆቹ በኦክቶበር 25 ቀን 1616 ካርታው ላይ የሌለ ደሴት ፊቱ ድቅን አለ። ዛሬ ከአውስትራሊያ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ያለ ደሴት ነው፤ በስሙ ይጠራል። ወርደው ዞር ዞር አሉ። በሁለት ቀናቸው ጉዞ ቀጠሉ። ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ የመመገቢያ ሳህን ጠፍጥፈው ጻፉበትና እንጨት ላይ ቸንክረው አቆሙት።

ምን ብለው ጻፉ መሰለሽ? መርከቧ በዚህ ቀን ደረሰች። የነጋዴዎቹ አለቃ እገሌ፣ ካፒቴኑ ዲርክ። በዚህ ቀን ወደ ባንታም (ጃቫ ላይ ያለ ወደብ ነው) ተነሳች። ከዚያ የሁለት ሰዎች ስም፣ አበቃ። ልብ አልሽ? የነጋዴው ስም ከካፒቴኑ ይቀድማል። አዛዡ ማን እንደነበር ገባሽ? ስለ አገሩ ደግሞ አንዲት ቃል የለችም። እዚያ ባሕር ውስጥ ዱጎንግ የሚባል፣ ከውሃው ሥር ሣር የሚግጥ ግዙፍ እንስሳ አለ። የባሕር ላም በይው። እኔ ብሆን ስሜን ትቼ እሱን ነበር የምጽፈው።

አንዳንዴ «አዲስ አገር አገኙ» ይላሉ። ለማን ነው አዲስ? በዚያ ዳርቻ ማልጋና የሚባሉ ሰዎች ከሃርቶግ በፊት ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖረዋል። እዚያ ያለውን ባሕረ ሰላጤ ጉታራጉዳ ይሉታል፤ «ሁለት ውሃ» ማለት ነው። ከአውሮፓም ቢሆን ሃርቶግ የመጀመሪያው አይደለም። ቪለም ያንስዞን የሚባል ሌላ ሆላንዳዊ በ1606 በሰሜን በኩል አውስትራሊያ ደርሶ ነበር።

ሳህኑ 81 ዓመት ነፋስና ጨው ሲፈራረቅበት ኖረ። በ1697 ቪለም ደ ቭላሚንግ የሚባል ካፒቴን መጣ። እንጨቱ በስብሷል፤ ሳህኑ ግን አለ! ቭላሚንግ የድሮውን ጽሑፍ አዲስ ሳህን ላይ ገለበጠ፣ ከሥሩ የራሱን ጨመረ። አዲሱን እዚያው ቸንክሮ አሮጌውን ይዞ ሄደ። እኔ ያየሁት ያንን አሮጌውን ነው። የሁለተኛው ሳህን ጉድማ ራሱን የቻለ ነው። አንድ ፈረንሳዊ በ1818 ወደ ፓሪስ ወሰደው፣ እዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ጠፍቶ በ1940 ተገኘ፣ አሁን አውስትራሊያ ነው ያለው።

አያትሽ ትሪውን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው የሚባለው እውነት ነው? እሷማ ልታደርገው ትችላለች። አንድ ነገር ግን ረስተሻል፤ ቀኑን አልጻፍሽበትም። ስመጣ አብረን እንጨምርበታለን። ምስማሩን ደብቂው። ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ።

አባትሽ