ህንድ ማለት ታጅ ማሃል ብቻ ነው እንዴ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የጉዞ አምዳችሁ ላይ ህንድ በተነሳ ቁጥር ታጅ ማሃል ታጅ ማሃል፣ ሰለቸን እኮ! ከኮልካታ በባቡር ትንሽ ወጣ ሲባል ሁግሊ ወንዝ ዳር ሴራምፖር አለች፣ እስከ 1845 እ.ኤ.አ. ዴንማርኮች ይዘዋት ከዛ ለእንግሊዝ የሸጧት ከተማ። የሴንት ኦላቭ ቤተክርስቲያን ጋ ቀና ብሎ ላየ የዴንማርኩ ንጉሥ የክርስቲያን 7ኛ የስም ምልክት ግንባሩ ላይ አሁንም አለ። በ1818 የተከፈተው ኮሌጅም ዛሬም እያስተማረ ነው። ወንዙን ይዛችሁ ወደ ላይ ስትሉ ደሞ ቻንደርናጎር፣ እሷ እስከ 1950 ድረስ በፈረንሳይ እጅ ነበረች (ህንድ ነፃ ከወጣች በኋላ እንኳ!)፣ የወንዝ ዳር መንገዷ ለወክ ምን የመሰለ ነው፣ ጠዋት ከሆነ ማለቴ ነው፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ አያስቆምም። እስቲ ለነዚህም አንድ ገጽ ስጧቸው።

አንባቢያችሁ