ዳዶውን ደግመሽ አጥብቂው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን አሁንም ያማታል፤ መድኃኒቱን ትረሳለች፣ ስነግራት ትቆጣለች። ታውቂያታለሽ።

ወንድምሽ የበረዶ ጎማውን፣ ከገዛሽው የብረት ቸርኬ (ጎማው የሚለብሰው ክቡ ብረት) ጋር ራስሽ እንደገጠምሽው ነገረኝ። ኩራት ተሰማኝ፤ አልደብቅሽም። ቀጥሎ ግን ከፊት በግራ በኩል «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ እንዳለ፣ አንቺም «ሲሞቅ ይተዋል» ብለሽ እንደሳቅሽ አወራኝ። እሱም ይስቅ ነበር። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስሚኝ። ይህን እስክታዪ ድረስ መኪናዋን አታንቀሳቅሻት። የቸርኬውን ሽፋን፣ ኮፓውን፣ አውልቂና ቸርኬውን የሚይዙትን ዳዶዎች አንድ በአንድ ፈትሺ። የቸርኬው ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ከሆነ ወይም የብሎኑ ጥርስ ከተበላ ማጥበቅ አይበቃም፤ መካኒክ መጥቶ ይየው። ደህና ከሆነ አጥብቂውና ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳሽ በኋላ ደግመሽ አጥብቂው። ብረት ከብረት ጋር ሲገጠም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይረግባል። የማንም መኪና እንዲህ ነው፤ አንቺ ስለገጠምሽው አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከበፊቱ የአልሙኒየም ቸርኬ የፈታሻቸውን ዳዶዎች ነው እንዴ መልሰሽ የተጠቀምሽው? አንዳንድ መኪና ላይ ይሠራል፣ አንዳንዱ ላይ አይሠራም። የዳዶው መቀመጫ አንዱ ሾጣጣ ነው፣ ሌላው ክብ ወይም ዝርግ ነው። ካልተመሳሰለ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልያዘም። የመኪናሽን መጽሐፍ አውጪና አመሳክሪ።

የብረት ቸርኬ በመግዛትሽ ግን እፍረት አይሰማሽ። «አያምርም» ብለሻል አሉ። ይቅር! ጉድጓድ ሲመታው አብዛኛውን ጊዜ ይጎብጣል እንጂ አይሰነጠቅም፤ ዋጋውም ይቀላል። ትንሽ ይከብዳል፣ እሱ ምንም አይደለም። ጠላቱ ጨው ነው። መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ቀለሙ በተፋቀበት ይገባና ያዝገዋል። ዝገቱ ጎማው ከቸርኬው ጋር የሚገጥምበት ጠርዝ ላይ ከደረሰ ንፋሱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አንቺ ጎማው ተበሳ ብለሽ ሚስማር ስትፈልጊ ትውያለሽ። ስለዚህ ስታጥቢ የውስጡን ፊትም እጠቢ፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ዝገት ካየሽ በሽቦ ብሩሽ ፍቀሽ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰሽ፣ ዝገት መከላከያ ከቀባሽ በኋላ ቀለሙን ቀቢ። ዳዶው የሚቀመጥበትንና ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚነካካበትን ፊት ግን በፍጹም እንዳትቀቢ።

ለምን መሰለሽ? እኔ ጋራዥ ስሠራ አንድ ሰው ቸርኬዎቹን ሙልጭ አድርጎ ቀብቶ፣ እንደ ሙሽራ አሳምሮ ገጠማቸው። ቀለሙ ዳዶው ሥር በወፍራሙ ነበር። ሲነዳ ቀለሙ ተጨፈለቀ፣ ዳዶው ላላ። ድምፁን ሰምቷል። ሰምቶ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። ከዚያ የገዛ ጎማው ቀድሞት ሲሄድ አየው። መኪናው ሲጎተት መጣ፣ እኛ ወጣቶቹ ሳቅን። አለቃችን ዝም አሉ። ሰውየው ትንሿን ልጁን አቅፎ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ከኋላ ተቀምጣ ነበር ለካ። ምንም አልሆነችም። ኮቱን ጭምድድ አድርጋ ይዛ ግን አትለቅም። ሰውየው ወንበር ሲሰጠው አልተቀመጠም፣ ውሃ ሲሰጠው አልጠጣም። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። ከተወለድሽ በኋላ ግን ያቺን ልጅ ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት።

ምን ላይ ነበርኩ? ማጥበቁ ላይ። ክሪኩ ላይ እንዳለች በልኩ ያዝ አድርጊው፤ የመጨረሻውን ማጥበቅ መሬት ላይ ካወረድሻት በኋላ ነው። በተርታ አትሂጂ፤ አንዱን ካጠበቅሽ ፊት ለፊቱ ወዳለው ዝለዪ። የዳዶ መፍቻው ቁልፍ ላይ በእግርሽ እንዳትቆሚበት፣ ብሎኑ ይለጠጣል። ቶርክ ሬንች የሚባለውን፣ ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካውን ቁልፍ፣ ተዋሺ ወይም ግዢ። የብዙ ትናንሽ መኪናዎች የማጥበቂያ ልክ ከ100 እስከ 130 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ የአንቺ መኪና ግን መጽሐፉ የሚለው ብቻ ነው። ጥርሱን ዘይት አትቀቢው፤ ቁልፉ ትክክለኛውን ቁጥር እያሳየሽ ብሎኑ ከልክ በላይ ይወጠራል።

በረዶ ከቸርኬው ውስጥ ተጋግሮም መሪ ያንቀጠቅጣል። ያን ጠርገሽ ታወጪዋለሽ። ግን መሪው በተንቀጠቀጠ ቁጥር «በረዶ ነው» ብለሽ እንዳትነጂ። መጀመሪያ ዳዶውን እዪ። ንፋሱንም ጠዋት ሳትነጂ ለኪ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የንፋሱ ግፊት ወደ 0.1 ባር ገደማ ይቀንሳል።

በዚያ ብርድ ብቻሽን ተንበርክከሽ ስትፈቺ አጠገብሽ ሆኜ ባትሪ እንኳ ላበራልሽ አለመቻሌ ይቆጨኛል። እንግዲህ ምን ይደረግ።

እናትሽ «ወፍራም ጓንት ታድርግ» ትላለች። አትስሚያት፤ ስስ ይሁን። ዳዶውን መጀመሪያ በጣትሽ ነው የምታስገቢው፤ በወፍራም ጓንት ጥርሱ ተዛንፎ ሲገባ አይታወቅሽም። ስትጨርሺ ፎቶ ላኪልኝ፣ ኮፓው ሳይገጠም። 100 ኪሎ ሜትር ሳይሞላም ደግመሽ አጥብቂና ደውዪልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

አባትሽ