ደኑ ሲለመልም የገበሬው ቤትስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ደን ጥበቃ የሚወጡ ዘገባዎች ያገገመውን ሄክታር ይቆጥራሉ፤ በደኑ ዳር የሚኖረውን ሰው ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። የወላይታውን የሁምቦ ፕሮጀክት እንውሰድ። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልቅ ግጦሽና ከከሰል ማክሰል ተጠብቆ፣ ዛፉ ከየጉቶው እንደገና አቆጥቁጧል። ዛፎቹ ከአየር ስበው ለሚያስቀሩት ካርቦን የተከፈለው የካርቦን ሽያጭ ገንዘብም ለሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደርሷል። በዚህ ከልቤ እኮራለሁ።

ነገር ግን በዚህ ገንዘብ ወፍጮ ተተከለ፣ የእህል መጋዘን ተሠራ ማለት የእያንዳንዱን ጎጆ ኑሮ አይነግረንም። የኑሮው ልኬት መሬቱ ከመከለሉ በፊት መጀመር አለበት። ተዳፋቱና ከገበያ ያለው ርቀት የሚመሳሰል፣ ግን ያልተከለለ ቀበሌም አብሮ ይጠና፤ አለዚያ የጥሩ ዝናብ ዘመን ያመጣውን በረከት ለፕሮጀክቱ እንጽፍለታለን። ጥያቄውም በገቢ ብቻ አይወሰን። እናቶች ማገዶ ፍለጋ ስንት ሰዓት ይሄዳሉ? አዝመራው ሳይደርስ ጎተራው ስንት ወር ባዶ ይሆናል? ግጦሽ አጥቶ ፍየሎቹን የሸጠው ገበሬ፣ ከሰል ያከስል የነበረው መሬት አልባ ወጣት፣ ዛሬ በምን ይተዳደራሉ? አማካይ ቁጥር እነዚህን ሰዎች ይውጣቸዋል። ስለዚህ ውጤቱ በድሃና በሀብታም፣ በአባወራና በእማወራ ተለይቶ ይውጣ፤ መልስ ለሰጡት ሰዎችም በቀበሌያቸው ስብሰባ ይነበብላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ