ጉልበትህን አትደብቅ

ዊንተርቱር፣ ስዊዘርላንድ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለኪሩቤል፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? ይህቺን ጥያቄ ሰው ሁሉ በደብዳቤ አናት ላይ ይጽፋታል፤ መልስ የሚጠብቅባት የለም። እኔ ግን ዛሬ መልስ እፈልጋለሁ። ቀኝ ጉልበትህ እንደምን ነው?

ብሌን ነግራኛለች። እንዳትቆጣት። ቅዳሜ አንተ ዘንድ ውላ ስትመለስ ዝም አለች፤ እህትህ ዝም ካለች ደግሞ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ ታውቃለህ። ማክሰኞ ማታ ራት አቅርበን አልቻለችም፤ እናትህ ወጥ ልትጨምር ወደ ማድ ቤት ስትገባ ጠብቃ በሹክሹክታ አወጣችው። ደረጃ በጎንህ እንደምትወርድ፣ በረዶ ቤትህ ውስጥ ያለው አተር ለወጥ ሳይሆን ጉልበትህ ላይ ለማሰር እንደሆነ፣ አልጋህ ሥር የ600 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ሁለት ባዶ ፓኮ እንዳየች። «ወጌሻውም አያውቅ፣ ለአባዬም እንዳትነግሪ፣ በመጋቢት ለዋናው ቡድን ሊያዩኝ ነው» ብለሃታል።

ብደውልልህ «ደህና ነኝ አባዬ፣ ምንም አይደል» ትለኛለህ፣ እኔም አምኜ ስልኩን እዘጋለሁ። ሁለታችንም እንደዚያ ነን። ስለዚህ ጻፍኩልህ። አማርኛው ከከበደህ ቀስ ብለህ አንብበው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እያለቀስክ ፊደል የቆጠርከው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ጉልበትህን አትደብቅ።

ንዴቴ ሳይቀድመኝ መጀመሪያ የሚሠራውን ልንገርህ። ነገ ጠዋት ለሌርማይስተርህ፣ ሙያውን ለሚያስተምርህ አለቃህ፣ ንገረው። የተጠመዘዝክበትን ቀን ታውቀዋለህ፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ ሜዳው በረዶ በነበረበት ልምምድ ላይ ነው፣ ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፈው። ኳስ ሜዳ ላይ ቢደርስም የአደጋ ኢንሹራንስህ በመሥሪያ ቤትህ በኩል ነው፤ በሳምንት 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከሥራ ውጭ የሚደርስበትም ይሸፈንለታል። ሱቫ እያልን ደሞዛችን ላይ ሲቆረጥ የምናጉረመርምበት ይኸው ነው። አሠሪህ ያመለክትልሃል፣ አንተ ዝም ካልክ ግን ምን ብሎ ያመልክት? ሥራ መሥራት ካልቻልክ ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ከደሞዝህ 80 በመቶ ይከፍሉሃል። የተማሪ ደሞዝ 80 በመቶ ስንት ፍራንክ ነው ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሳቅ። ኤምአርአዩንና ፊዚዮቴራፒውን፣ አይድረስ እንጂ ኦፕራሲዮኑን ከኪስህ ስትከፍል ግን አትስቅም።

ሌላም ነገር አለ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቀኑን የሚውለው ግድግዳ ሥር ተንበርክኮ ነው። በዚያ ጉልበት ቀን ተንበርክከህ ማታ ትሮጣለህ። ሰኔ ላይ የመጨረሻ ፈተናህ ነው፤ አራት ዓመት የለፋህበት ወረቀት ነው፣ በእጅህ ይግባ።

ኳሱን ተው የምልህ እንዳይመስልህ። ሹትሰንቪዘ፣ የዚህ ከተማ ስታዲየም፣ ትዝ ይልሃል? የ8 ዓመት ልጅ ነበርክ። አጥሩ ላይ አስደግፌህ ረጅሙን ተከላካይ አሳይቼህ «ያ ልጅ አይቸኩልም፣ ልብ ብለህ እየው» አልኩህ። አንተ የምታየው አጠገባችን ያለውን ሰውዬ ቋሊማ ነበር። ማኑኤል አካንጂ ነው። (የኳሱን ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፣ እንዳይምታታህ።) በ2015 ከዚህ ወደ ባዝል ሄደ፤ በዓመቱ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ አንድ ዓመት ያህል ሜዳ ሳይረግጥ ከረመ። ተመለሰ። በጥር 2018 ዶርትሙንድ ከ20 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ከፍሎ ወሰደው፣ በ2023 ከማንቸስተር ሲቲ ጋር በአንድ የውድድር ዘመን ሦስት ዋንጫ አነሳ። ቁጥር በጭንቅላቱ በማባዛት የሚታወቀው አካንጂ ስንት ወር እንደሚተኛ አስቦት ይሆናል እያልኩ እስቃለሁ።

የአንተው ሰው ደግሞ አለ። ክፍልህ ግድግዳ ላይ የለጠፍከው አጥቂው ኤምቦሎ አልተነሳም፤ እናትህ በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርግለታለች። ያውንዴ ተወልዶ ባዝል ያደገ፣ በ17 ዓመቱ ለዋናው ቡድን የተሰለፈ ልጅ። በ2016 ሻልከ በገባ በጥቂት ወሩ፣ በጥቅምት፣ አውግስቡርግ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ዕድሜው 19 ነበር፣ ልክ እንዳንተ። አንድ ዓመት ያህል ጠፋ። ከዚያ በነሐሴ 2023 ሞናኮ ልምምድ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። «አለቀለት» ያልከኝ አንተ ነህ። በሐምሌ 2024 በአውሮፓ ዋንጫ፣ ለስዊዘርላንድ ተሰልፎ፣ ዱሰልዶርፍ ላይ በ75ኛው ደቂቃ እንግሊዝ ላይ ሲያገባ እናትህ እልል ብላ የታችኛውን ጎረቤት አስነሳችው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሳካ አቻ አደረገ፣ በፍጹም ቅጣት ምት ወጣን፣ የሳተው ደግሞ የኛው አካንጂ። አንተ ክፍልህ ገብተህ በሩን ዘጋህ።

የተወለደባት ካሜሩን ላይ ያገባ ጊዜ፣ በኅዳር 2022፣ እጁን አንስቶ ዝም ብሎ የቆመውስ? «እኔ ኢትዮጵያ ላይ ባገባ እጨፍራለሁ» ብለህ ከአጎትህ ጋር ተኳርፋችሁ ነበር። ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ ትድረስና ያን ጊዜ እንጨቃጨቃለን።

ምን ልልህ ነው? ኤምቦሎ ሲሰበር አገር አየው። ሐኪሙም ክለቡም እናቱም አወቁ፤ መደበቂያ አልነበረውምና ዳነ። እኔን የሚያስፈራኝ ማንም የማያየው፣ በፋሻ ታስሮ ካልሲ የሚለበስበት ጉልበት ነው።

አትደብቅ፣ ልጄ።

የጃን ሜዳውን ታውቀዋለህ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ተናግሬዋለሁ፣ አንተና ብሌን ከንፈራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ ከኔ ጋር ስትሉት አይቻለሁ። 1982 ዓ.ም.፣ የምልመላው ቀን፣ የላይ ሰፈሩ ተከላካይ ከኋላ መጥቶ ጉልበቴን የሰበረኝ። እንደዚያ አይደል የነገርኳችሁ?

ውሸት ነው።

ጉልበቴ የተጎዳው ከዚያ በፊት ነው። ከምልመላው 12 ቀን ቀድሞ፣ በሰፈር ጨዋታ ላይ፣ ማንም ሳይነካኝ ስዞር ጭው አለ። በማግስቱ አብጦ ሱሪ አልገባልህ አለ። ለማንም ሳልናገር አንዲት አሮጊት ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ፤ በቅቤ አሹኝና «አርባ ቀን ኳስ እንዳትነካ፣ ከነካህ ወደኔ አትምጣ» አሉኝ። አርባ ቀን! ምልመላው እኮ የሁለት ሳምንት ዕድሜ አልነበረውም። ለእናቴ ከደረጃ ወደቅኩ አልኳት። ቀኑ ሲደርስ በፋሻ ጠፍንጌ፣ ፋሻው እንዳይታይ ካልሲዬን ስቤ፣ የተዋስኩትን ታኬታ አጥልቄ ገባሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወትኩ። ጥሩ ተጫወትኩ፣ ይህስ ውሸት አይደለም። ከዚያ ያ ልጅ ኳስ ሊቀማኝ መጣ፣ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ፣ እግሬ መሬት ላይ ቀረና ሌላው ሰውነቴ ዞረ።

ሰው ሲሰበሰብ «እሱ ነው» አልኩ። ጣቴን ቀስሬ።

ማን ይጠራጠራል? እኔ መሬት ላይ እየጮህኩ ነው፣ እሱ አጠገቤ ቆሟል። ልጁ «አልነካሁትም» ሲል የኛ ሰፈር ልጆች ሊደበድቡት ተነሱ። በሳምንቱ እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ቡናና ስኳር ይዛ እናቴ ዘንድ ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች። እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ በመጋረጃው ሥር ጫማዋን አየዋለሁ። እናቴ «ልጅ ነው፣ ምን ይደረግ» ብላ ቡናውን አፈላች፣ አብረው ጠጡት። አልተነሳሁም። አልተናገርኩም። ሁለቱም እናቶች ይህን ይዘው ሞቱ። ልጁ ከዚያ በኋላ ጃን ሜዳ ሲጫወት ያየው የለም፣ የት እንደደረሰም አላውቅም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በየራቱ ስሙን እየጠራሁ «የሰበረኝ» ስል ኖሬያለሁ።

ጉልበቴማ ያው ነው፤ ብርድ ሲመጣ ከአየር ትንበያው ቀድሞ ይነግረኛል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ያቺ ሴትዮ ጫማ ነው።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው የኔና ያንተ ነው። 12 ዓመትህ፣ የምርጫው ጠዋት። መኪና ውስጥ ተረከዜን አመመኝ አልከኝ። ሐኪም ዘንድ ልወስድህ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን «ወንድ ልጅ አይደለህ፣ ዛሬን ቻለው» አልኩህ። ቻልከው። ሁለት ግብ አገባህ፣ ተመረጥክ፣ ስንመለስ ዶነር ገዛሁልህ። ሁለት ዶነር። ከዚያ ቀን ወዲህ አመመኝ ብለኸኝ አታውቅም። ለብሌን እንጂ ለኔ እንዳትነግር ያስተማርኩህ እኔው ነኝ፤ አሁን ደግሞ ቁጭ ብዬ ለምን ደበቅከኝ እላለሁ።

ይህን ስላልኩ ግን ያለፈልህ እንዳይመስልህ። የ19 ዓመት ጎረምሳ ነህ፤ ከነገ ጀምሮ ክኒኑን ሐኪም ሳያዝልህ አትውሰድ። ሐሙስ የሥራ ተራዬን ለውጫለሁ። እዚህ ና፣ ሐኪማችን ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ። የኢንሹራንስ ካርድህን ያዝ። የእናትህን የሽሮና የበርበሬ ዕቃዎች በሙሉ መልስ፣ ክዳን ክዳናቸውን ጭምር። ታኬታህን አታምጣ። ለአሰልጣኝህ ዛሬውኑ ንገረው፤ «በመጋቢት ላታዩኝ ትችላላችሁ» በለው። ሌላ መጋቢት አለ።

ማረን ኃይለሥላሴ ለሉጋኖ ሲጫወት ተንታኙ ስሙን ባኮላሸ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ላይ እየጮህን እናርመው ነበር፣ አይደል? ያንተንም ሲያኮላሹት መስማት እፈልጋለሁ። እስከዚያ ድረስ መቀመጥ ካለብህ ትቀመጣለህ።

ለእናትህ አልነገርኳትም። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው።

ጨምሬ፦ ከላይ ያለውን ጽፌ እንደጨረስኩ እናትህ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። «ለኪሩ ነው?» አለችኝ። ለልደቱ ምናምን ልላት ከጀመርኩ በኋላ አፍሬ ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ጃን ሜዳው ድረስ አነበበችና አቆመች፤ ስለዚያ ምንም አላለችኝም። ስላንተ ግን እንዲህ አለች፦ «ለገና መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል አንድ እግሩን አላጠፈውም። ያን ዕለት አውቄያለሁ።» ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። «ለአንተ? ቻለው ልትለው?» አለችኝ።

ሐሙስ እሷም ትመጣለች። በ10 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ባቡር ጣቢያው እንጠብቅሃለን። ስትወርድ በደረጃው እንዳትመጣ፣ አሳንሰሩን ያዝ።

አባትህ